ሜክሲኮ ላይ የገዛነው ብርሃን

ሜክሲኮን የማታውቁ ጥቂቶች እንደሆናችሁ እገምታለሁ። የሳር ቤት፣ የመካኒሳ ወይም የጀሞ ታክሲ ለመያዝ እዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ቆማችሁ ይሆናል፤ ወይም ኮሜርስ የተማረ ልጅ አላችሁ፤ ወይም ደግሞ ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሯችሁ በዚያ ስታልፉ ስትመለሱ ከርማችኋል። የእኛ ቤት ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ ሜክሲኮ ለእኛ ገበያችንም፣ መንገዳችንም፣ የጉዟችን መነሻም ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ፀሐይ ወደ ጦር ኃይሎች በኩል ትጠልቃለች። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጨለማው ቀስ እያለ አይመጣም፤ ቡናችሁን ጠጥታችሁ እስክትነሱ መሽቶ ይጠብቃችኋል። በዚያች ሰዓት ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል በኩል፣ ከሳር ቤት በኩል፣ ከልደታ በኩል የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራቱን ያበራል። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ አንዱ ደግሞ አንድ ዓይና ነው። ይህን ለዓመታት ሳየው ምንም ነገር አስቤበት አላውቅም ነበር።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና የፊት መብራት ነው። «አንቺ ደግሞ ስለ አምፑል ምን አገባሽ?» የምትሉኝ እህቶች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ባለቤቴ በሥራው ምክንያት ብዙውን ጊዜ በምሽት ይነዳል፤ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ምሽት ላይ ባሏ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ሁሉ በጉዳዩ ያገባታል።

«ፓውዛ» የገባበት ቀን

መኪናችን ቪትዝ ናት። ከሰው እጅ ነው የገዛናት። ጠንካራና ነዳጅ ቆጣቢ ብትሆንም መብራቷ ግን ደካማ ነበር። ባለቤቴ «ይቺ መኪና ኩራዝ ይዛ ነው የምትሄደው» እያለ ያማርር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ ቀን ትንሽ ካርቶን ይዞ ገባ። በውስጡ ሁለት ኤልኢዲ አምፑሎች ነበሩ፤ የመኪና ሰዎች በደፈናው «ፓውዛ» የሚሏቸው ዓይነት። ሻጩ ወጣት አሮጌዎቹን አውጥቶ እነዚህን ለመግጠም አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ያን ምሽት ሕንፃችን ፊት ለፊት ሲያበራቸው ግቢው ቀን መሰለ። የጎረቤት ልጆች አጨበጨቡ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት በምሽት ስንጓዝ እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ፍሬን ባይኖርም እግሬ ሳላዝዘው ወለሉን ይረግጥ ነበር። አሁን እግሬ ያርፋል ብዬ አሰብኩ።

ከቱሉ ቦሎ ወዲህ

በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ወሊሶ ላይ ለባለትዳሮች የምክር ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። ወሊሶ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሜክሲኮ በልደታ፣ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና ወጥታችሁ ዓለም ገናን፣ ሰበታን፣ ተፍኪንና ቱሉ ቦሎን አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። ያን ቀን ያስተማርነው በትዳር ውስጥ ግልጽ ስለ መሆን ነበር። ይህን ለምን እንዳነሳሁት በኋላ ይገባችኋል።

ስብሰባው ዘገየና ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሳን። ወቅቱ የመኸር ነበር። በዚያ አገር በመኸር ጊዜ ገበሬው ከአውድማ የሚመለሰው መሽቶ ነው። ጭድ የጫኑ አህዮች፣ ጋሪዎች፣ በእግር የሚሄዱ ሰዎች ሁሉ አስፋልቱን ተጠግተው ይጓዛሉ። አብዛኞቹ የሚያንጸባርቅ ነገር የላቸውም። ልብሳቸውም የአፈሩን ቀለም ይመስላል።

አዲሱ መብራታችን ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለውን አስፋልት እንደ አንሶላ አነጣው። ነገር ግን ራቅ ብዬ ሳይ ጨለማው ከቀድሞው የባሰ መሰለኝ። ከፊት ለፊታችን የሚመጡ መኪኖች ደግሞ አንድ በአንድ ረጅም መብራታቸውን ብልጭ ድርግም ያደርጉብን ጀመር። ባለቤቴ «አጭሩን ነው እኮ ያበራሁት፤ ምን ሆነዋል?» አለ። ቱሉ ቦሎን ካለፍን በኋላ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀንና፣ እንቢ ያልነው መስሎት፣ ግንባሩ ላይ የደረደራቸውን ፓውዛዎች ሁሉ ለቀቀብን። ከዚያ በኋላ ነጭ ነገር ብቻ ነበር። መንገድም፣ ዳርም፣ ሰማይም አልነበረም።

ጭነቱ ሲያልፍ ጭድ አየሁና «አህያ!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ተንሸራትታ በጠጠሩ ላይ ቆመች። የኋለኛው አህያ የተሸከመው ጭድ ኮፈናችንን እየጠረገ አለፈ። ከአህዮቹ ኋላ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆሟል። የሸፈነው ከድንጋጤ ብቻ አልነበረም፤ የእኛው መብራት አሳውሮት ነበር። ጥቂት ቆይቶ እጁን አወረደ፤ አህዮቹን ሰበሰበና ምንም ሳይለን ሄደ።

ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ብዙ ቆየ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አራት አህዮችና አንድ ልጅ ነበሩ። ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር ለምን እንደሚጠይቀኝ ገርሞኝ መለስኩለት። ጥያቄው ግን እስከ ልደታ ድረስ አብሮኝ መጣ።

ግድግዳው የነገረን

ሰኞ ዕለት ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው በኩል፣ ከመንገዱ ገባ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ የመኪና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ሄድን። ባለሙያው ተግባረ ዕድ የተማረ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ታሪካችንን ሰምቶ አልሳቀም። ወደ አምፑሉም አልቸኮለም። መጀመሪያ የመብራቱን ሽፋን በጣቱ ዳሰሰና «እትዬ፣ ይህን አይተውታል?» አለኝ።

ሽፋኑ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ጉም የለበሰ ይመስላል። የዛሬ መኪኖች የመብራት ሽፋን መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ስትመታው ላዩ ላይ የተቀባው መከላከያ ይላጣል፤ ከዚያም ይደበዝዛል። ታዲያ ስንት ጠንካራ አምፑል ቢገባ ብርሃኑ ጉሙ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየታሸ ሊጠራ ይችላል፤ ነገር ግን ከተጠራ በኋላ መከላከያ ቫርኒሽ ካልተቀባ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይበላሻል።

ቀጥሎ የኮረንቲ መለኪያውን አመጣ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ያህል አለ። አምፑሉ ጋ ሲለካው ግን ከ12 በታች ሆነ። ቀሪው የት ሄደ? ባረጀ ቀጭን ሽቦ፣ በዛገ መያዣና ከመኪናው አካል ጋር በላላ ማያያዣ ውስጥ ቀርቷል። እርሱ እንዳስረዳን የተለመደው የሃሎጅን አምፑል ለኮረንቲ መቀነስ እጅግ ስስ ነው፤ ቮልቱ ከመቶ 10 እጅ ሲቀንስ ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው «አምፑሌ ደከመ» ሲል የደከመው ሽቦው ነው። መፍትሔው ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝና በሪሌ አድርጎ በቀጥታ ወደ መብራቱ መሳብ፣ ማያያዣዎቹንም ማጽዳት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ አምፑሉ የመጣው። የእኛ መኪና የምትወስደው ኤች ፎር የሚባለውን ነው፤ በረጅሙ 60 ዋት፣ በአጭሩ 55 ዋት ይወስዳል። በውስጡ ሁለት ቀጫጭን የተንግስተን ሽቦዎች አሉት። ሽቦው ሲግል ከላዩ የሚተነውን ተንግስተን በአምፑሉ ውስጥ ያለው የሃሎጅን ጋዝ መልሶ ወደ ሽቦው ያመጣዋል፤ ለዚህ ነው ብርጭቆው ሳይጠቁር ብዙ የሚያገለግለው። ከአጭሩ ሽቦ ሥር ትንሽ የብረት ከለላ አለች። የእርሷ ሥራ ወደ ላይ ወጥቶ የመጪውን ሰው ዓይን የሚመታውን ብርሃን ማስቀረት ነው። የመብራቱ ቤት፣ ማለትም ከኋላ ያለው አንጸባራቂ፣ የተቀረጸው ብርሃኑ ልክ ከእነዚያ ሽቦዎች ቦታ እንደሚነሳ ታስቦ ነው።

እኛ ያስገባነው ኤልኢዲ ግን ቅርጹም፣ ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታም ሌላ ነበር። ብርሃኑ ብዙ ነው፤ ቦታውን ግን ስቷል። ግማሹ አፍንጫችን ሥር ይፈስሳል፤ ግማሹ ወደ ሰው ዓይን ይወጣል። ቅርብ ያለው አስፋልት በጣም ሲነጣ ደግሞ የራሳችን ዓይን ብሌን ይጠብና ሩቁ ይጨልምብናል። ለካ ያን ማታ ከቀድሞው የባሰ ጨለማ ያየሁት ወድጄ አይደለም!

«ታዲያ ኤልኢዲ መጥፎ ነው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ለኤልኢዲ ብሎ የሠራው መብራት ድንቅ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማችንን እየሞሏት ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ይኸው ዓይነት መብራት አላቸው። ችግሩ ለአንዱ በተሠራ ቤት ውስጥ ሌላውን ማስገባት ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀለም ደግሞ በዝናብና በጉም አይጠቅምም፤ ክረምት ላይ በጣርማ በር ያለፈ ሾፌር ነጩ ብርሃን ጉሙ ላይ ተመትቶ ወደ ራሱ ፊት ሲመለስ አይቶታል። «እንግዲያው 100 ዋት ያለውን ሃሎጅን እናስገባ» የሚሉም አሉ። የእርሱም ጣጣ ሌላ ነው፤ መያዣውን ያቀልጣል፣ ሽቦውንም ያቃጥላል።

በመጨረሻ «ሲመሽ ተመለሱ፤ ግድግዳ ላይ እንየው» አለን። ጨለማ ሲሆን መኪናዋን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ ደልዳላ ቦታ ላይ አቆማትና አሮጌውን ሃሎጅን መልሶ አስገብቶ አጭሩን አበራ። ግድግዳው ላይ የብርሃኑ ጠርዝ በጉልህ ታየ። በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ በግራ በኩል ግን ወደ ላይ ይወጣል።

«አያችሁ?» አለ። «ይህ መብራት መንገዱን በግራ በኩል ለሚይዝ አገር የተሠራ ነው።»

ነገሩ ያኔ ገባን። ቪትዛችን ከጃፓን የመጣች፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረች ናት። ጃፓን ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ አጭሩ መብራት የግራውን ዳርና እግረኛውን እንዲያሳይ በግራ በኩል ከፍ ይላል። በእኛ አገርም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የሚነዳው፤ በዕድሜ የገፉ አባቶቻችን ያስታውሱታል። ዛሬ በቀኝ ስለምንሄድ ግን ያ ከፍ ያለው ብርሃን የሚያርፈው ከፊት ለፊታችን በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው፤ የራሳችን እግረኛ ያለበት ቀኝ ዳር ደግሞ ይጨልማል። መሪዋን ያዛወረ ሰው መብራቷን አላዛወረም። ልጁና አህዮቹ ይሄዱ የነበረው በቀኝ ዳር ነበር።

በማግሥቱ ባለቤቴ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ከዚያው ሞዴል በግራ መሪ ከተሠራ መኪና የወጡ ሁለት ሙሉ መብራቶች አገኘ። ባለሙያው እንደመከረው ሽፋናቸው ጥርት ያለ፣ የማሰሪያ ጆሯቸው ያልተሰበረ፣ በውስጥ ያለው አንጸባራቂያቸው ያልተላጠ መሆኑን አይቶ፣ ሻጩንም አውቆ ገዛ። ሁለት አዲስ ባለ 60/55 ሃሎጅን አምፑሎች ተጨመሩ። አምፑል ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል፤ ብርጭቆውም በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ባለበት ቦታ ላይ ይግልና ቶሎ ይሞታል።

የወዳጅ ስም

ረቡዕ ማታ ብርሃኑን ለማስተካከል እንዲመሽ ስንጠብቅ፣ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሜክሲኮን አየናት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሰው አራግፎ ሄደ። ከአጠገባችን ያለ ወጣት ለጓደኛው «ይህ ሰፈር ለምን ሜክሲኮ ተባለ?» ሲል ሰማሁት። ጓደኛውም አላወቀም።

እናንተ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወርር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ሲሉ፣ ኃያላኑ አገሮች እያወቁ ዝምታን መረጡ። በኋላም ብዙዎቹ የኢጣሊያን ቅሚያ እንደ ሕጋዊ ተቀበሉ። በፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ትመራ የነበረችው ሜክሲኮ ግን አልተቀበለችም። ከእኛ የምታገኘው ንግድም ሆነ የሚያሰጋት ጉርብትና አልነበረም፤ ትክክል አይደለም ያለችውን ግን ትክክል አይደለም አለች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎበኙ። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ የአንበሳ ራስ ምልክት ያለው «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ ተከፍቷል። የእኛዋ ሜክሲኮ ስሟን ያገኘችው ዝም ካላለ ወዳጅ ነው።

ይህን ለባለቤቴ እያወራሁለት ሳለ ወደ ልቤ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ «ስንት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ።

ያልተቀየረው ነገር

ባለሙያው መኪናዋን እንደገና ግድግዳው ፊት አቆማት። የመብራቱን ከፍታ ከመሬት ለካ፤ 65 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በ10 ሜትር ርቀት ላይ የብርሃኑ ጠርዝ ከዚያ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አድርጎ በጠመንጃ መፍቻ አስተካከለው። በእያንዳንዱ 10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ብርሃን 65 ሜትር ላይ መሬት ይነካል ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን ረግጦ እስኪቆም 40 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳልና፣ የተስተካከለ አጭር መብራት ለዚያ ፍጥነት ይበቃል፤ ለ100 ግን አይበቃም። የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ስትጭኑ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ስለሚነሳ፣ ማስተካከያው እንደምትጭኑት ሆኖ ቢሠራ ይሻላል። አሁን ጠርዙ በግራ ጠፍጣፋ፣ በቀኝ ከፍ ያለ ሆነ።

ልንሞክረው ወደ ሳር ቤት ነዳን። ያኔ ያ መንገድ እንደ ዛሬው አልነበረም፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሳይደርሰው በፊት ጨለማ የሚበዛባቸው ቦታዎች ነበሩት። እኔ የቀኙን ዳር እስከ ሩቅ አየሁ። አጥሩ ሥር የተቀመጠውን ሰው፣ የተከፈተውን ቱቦ፣ ውሻውን አየሁ። መጪዎቹ መኪኖችም አልተቆጡብንም። እግሬ አረፈ።

ባለቤቴ ግን «አሁንም አልተሠራም» አለ። «የሰዎቹ መብራት ሁሉ ዙሪያውን አክሊል አለው። ይበታተናል።»

ወደ ሜክሲኮ ስንመለስ ዳር ይዞ እንዲያቆም ነገርኩት። ከፊታችን ባለ ሕንፃ ላይ ትልቅ የበራ ጽሑፍ ነበር። «ምን ይላል?» አልኩት።

ዝም አለ። ታክሲ ጠሪዎቹ ሲጮሁ ይሰማናል፤ እርሱ ግን ዝም አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ያን ጊዜ የተገለጠው የእርሱ ምስጢር ብቻ አልነበረም። እኔም ካወቅኩ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ማታ ላይ ከሩቅ ሰላምታ ሲሰጡት ስማቸውን ቀድሜ እጠራለታለሁ። መንገድ ላይ «ጉድጓድ» እለዋለሁ። ምግብ ቤት ውስጥ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል የምግብ ዝርዝሩን «እኔ ላንብብልህ» እለዋለሁ። ይህን ሁሉ ፍቅር ነው ብዬ አስብ ነበር። ብዙ ሰው የሚሰማውና የሚከተለው ሰው ነውና «አይታይህም እኮ» ብሎ መንገር ክብሩን መንካት መሰለኝ። እርሱም ደካማ መስሎ መታየት ስላልፈለገ አምፑል ቀየረ። እኔም እውነቱን መናገር ስላልፈለግሁ አምፑሉን አጨበጨብኩለት። ወሊሶ ላይ ስለ ግልጽነት አስተምረን የተመለስነው እኛ ነን!

«አራት አህዮች ነበሩ» አልኩት። «አንተ ስንት አየህ?»

«ምንም» አለኝ። «ድምፅሽን ሰምቼ ነው የረገጥኩት።»

መኪናዋን ከዚያ እስከ ቤት እኔ ነዳኋት። መንጃ ፈቃዴ ለዓመታት ቦርሳ ውስጥ ነበር የኖረው።

ሐኪሙ ያለው

በዚያው ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን። ባለቤቴ ያን ጊዜ 52 ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ ብሌኑን አስፍቶ አየና በሁለቱም ዓይን የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንደጀመረው፣ የቀኙ እንደሚብስ ነገረን። በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ሲደፈርስ የሚገባው ብርሃን ይበታተናል፤ በመብራት ዙሪያ አክሊል የሚታየውም ለዚህ ነው። እኔ ወዲያው ቢጫ የሆነው የመብራታችን ሽፋን ትዝ አለኝ። አንድ ዓይነት በሽታ ነው፤ አንዱ በመኪናው ላይ፣ አንዱ በነጂው ላይ።

ግርዶሽ ባይኖር እንኳ ዕድሜ ሲገፋ ብሌናችን በጨለማ እንደ ወጣትነታችን አይሰፋም። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ እንደሆነ ይነገራል። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ከሞራ ግርዶሽ መሆኑ ታውቋል። የሚያሳዝነው ይህ ከሞላ ጎደል የሚድን መሆኑ ነው። የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካበታል፤ ሥራው ራሱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ሰውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። በከተማችን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

የባለቤቴ ተራ እስኪደርስና ሁለቱም ዓይኖቹ ተሠርተው እስኪያገግም ወራት አለፉ። በነዚያ ወራት ከመሸ የምነዳው እኔ ነበርኩ። አንዳንዶች «አሁን ደግሞ ሚስቱ ትነዳዋለች» ብለው ሲቀልዱ ሰምተናል። መጀመሪያ ላይ ከበደው። በኋላ ግን ራሱ ቀድሞ «ዓይኔ ታሟል፤ እርሷ ታደርሰኛለች» ማለት ጀመረ። እንዲህ ካለ በኋላ የቀለደ ሰው አልነበረም። ይልቁንም ሁለት ወንድሞች ለብቻ ጠርተውት «እኔም እኮ…» ብለው ነገሩት። ሁለቱም ከሐኪም ዘንድ ሄዱ።

እናንተስ?

የማታ መብራታችሁ ደክሞ ከሆነ አምፑል ከመግዛታችሁ በፊት በቅደም ተከተል ሂዱ። ሽፋኑን እጠቡና እዩት። አምፑሉ ጋ የሚደርሰውን ኮረንቲ አስለኩ። ለመኪናችሁ የተሠራውን ዓይነት አምፑል በጥንድ ግዙ። መብራቱ መንገድን በቀኝ ለሚይዝ አገር የተሠራ መሆኑን ግድግዳ ላይ አረጋግጡ። ጠርዙን አስተካክሉ። ከፊታችሁ ሰው ሲመጣ ረጅሙን አውርዱ፤ እግረኛም ሰው ነውና ለእርሱም አውርዱ። እነዚህ ሁሉ ከተደረጉ በኋላ አሁንም ካልታያችሁ፣ ችግሩ ከመስታወቱ ወዲህ ሊሆን ይችላል።

አጠገቡ የምትቀመጪ እህቴ ሆይ፣ ደግሞም አጠገቧ የምትቀመጥ ወንድሜ፣ እናንተ ከሁሉ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ጉድጓዱን እየጠራችሁ፣ ስሙን እያስታወሳችሁ፣ ዝርዝሩን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ነገሩን በፍቅርና ለብቻችሁ ሆናችሁ ተናገሩት። እኔ ለመናገር የአንድ ሕፃን ሕይወት ለጥቂት እስኪተርፍ ጠበቅሁ።

በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ እንደገና ወሊሶ ሄድን። ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ባለቤቴ ነው የሚነዳው። ተፍኪ ልንደርስ ስንል ፍጥነቱን ቀነሰና አጭሩን አበራ። እኔ ገና ምንም አላየሁም ነበር።

«ሦስት አህያና አንድ ሰው» አለኝ።

ቀረብ ስንል አየኋቸው። ልክ ነበር።